ሳነቲ በእግር ሲወጣ

የባሌ ተራሮች ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዘንድሮ በእግር ልታዩት ላሰባችሁ አንድ ልመና አለኝ፤ ቀኑን አታሳጥሩት።

የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበት ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ጎባን አልፎ ሳነቲ ድረስ በመኪና ይወጣል፤ ብዙ ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ሳነቲ ግን 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ሰውነቱ ሳይለምድ የወጣ ሰው ራሱን እያመመው፣ እያቅለሸለሸው ፎቶ አንስቶ ይወርዳል። ዲንሾ አንድ ሁለት ሌሊት እደሩ፤ ከዚያ አስጎብኚና ባለፈረስ ይዛችሁ በወይብ ሸለቆ በኩል ቀስ እያላችሁ ውጡ። ሕመሙ ከጠናባችሁ መፍትሔው ወደ ታች መውረድ ስለሆነ፣ አንድ ትርፍ ቀን ያዙ።

ያቺ ትርፍ ቀን ሌላም ጥቅም አላት። ከባሌ በቀር የትም የማይገኘው ግዙፉ ፍልፈል ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ፣ ዙሪያውን ያለውን ሣር በጥርሱ እየቀጨ ወደ ውስጥ ይስባል። ቀይ ቀበሮው ሆዱን ከመሬት አጣብቆ ይጠጋዋል። ፍልፈሉ ቀና ሲል ባለበት ይደርቃል፤ ሲያጎነብስ አንድ እርምጃ ይጨምራል። ይህን ቁጭ ብሎ ማየት ጊዜ ይፈልጋል። በዓለም ላይ ከቀሩት ጥቂት መቶ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላዩ የሚኖረው እዚሁ ባሌ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስለሚወልዱ፣ አስጎብኚው ከጉድጓዳቸው ሲያርቃችሁ «ትንሽ ጠጋ እንበል» ብላችሁ አታስጨንቁት።

ከኅዳር እስከ የካቲት ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ሌሊቱ ግን ውሃ ኮዳ ውስጥ በረዶ የሚሠራበት ነው። እናንተ ወፍራም የመኝታ ከረጢት ይዛችኋል። ባለፈረሱስ? ዋጋ ስትነጋገሩ የት እንደሚያድርና ምን እንደሚለብስ ጠይቁ፤ ድንኳን ከሌለው በሒሳቡ ውስጥ አስገቡለት። ይህን ለደላላ አትተዉት፤ ራሳችሁ ከሰውየው ጋር ጨርሱ። ጉዞው ሌላ ቦታ የሚያልቅ ከሆነ፣ ፈረሱ ባዶውን የሚመለስበትም ቀን ይታሰብለት።

በደቡብ በኩል ወደ ሐረና ደን ለመውረድ ካቀዳችሁ መኪና ሪራ መንደር እንዲጠብቃችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ። የሐረና ማርና የጫካ ቡና መግዣ ጥሬ ብር ያዙ። የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ዲንሾ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አጣሩ።