ክፉ ጅማሬና መልካም ፍጻሜ



ዛሬ ፊደል አናስቆጥርም። በሌላ ጣቢያ የሚማሩ አንድ አባት ስላነሡት ነገር እንነጋገራለን። እንድንናገረው ፈቅደውልናል፤ ስማቸውን ግን አንጠራም።

እኒህ አባት አንድ ማታ ትምህርቱ ሲያልቅ ወደኋላ ቀሩና፣ «ልጆቼ፣ እኔን ተዉኝ» አሉን። «በወጣትነቴ የወንድሜን በሬ ሰርቄ ሸጥኩ። ገንዘቡን ጠጣሁበት። ከዚያ ወዲህ ዓይን ለዓይን አልተያየንም። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እንኳ ከቅጥሩ ውጭ ነው የምቆመው። መነሻው የተበላሸ ሰው በስተርጅና ፊደል ቢቆጥር ምን ሊሆን ነው?»

ያን ማታ ደህና መልስ አልሰጠናቸውም። ተማሪዎች ነን እንጂ ካህናት አይደለንም። የኛም አጀማመር ቢሆን አላማረም። ታዘን መጣን እንጂ ፈቅደን አልመጣንም። በመጀመሪያው ሳምንት ዘግይተው የመጡ ትልልቅ ሰዎችን እንደ ሕፃን ተቆጣን። በማግሥቱ ግማሹ ሰው ቀረ። ከዚያ በየቤቱ እየዞርን ይቅርታ ጠየቅን።

እስቲ መጀመሪያ ይህችን ከተማ እንመልከት። ድሬ ዳዋ የተቆረቆረችው የታሰበው ነገር ሳይሆን ቀርቶ ነው። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ እንዲሠራ ፈቀዱለት። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር ይደርሳል፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ይቀጥላል ተባለ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ። ነገር ግን ገንዘብ አጠረ። ወደ ሐረር የሚያወጣውን ዳገት እናንተ ታውቁታላችሁ፤ በዚያ ላይ ሐዲድ መዘርጋት ወጪው የሚቻል አልሆነም። ስለዚህ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ከተራራው ሥር ደረሰና ቆመ። ስፍራውንም «አዲስ ሐረር» አሉት። ሐረር መውጣት ላቃተው ባቡር የወጣ ስም ነው!

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኩባንያው ከሰረ። ሥራው ተቋርጦ ቆየ። በኋላ ሌላ ኩባንያ ተረክቦት በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ፤ መንገዱ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ያ አሮጌ ባቡር ዛሬ አዲስ አበባ አይደርስም። በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ለሚሄድ ባቡር አዲስ ሐዲድ ተመርቋል። ሐዲዱ ደክሞ የቆመበት ቦታ ግን ይኸው ከተማ ሆኖ ይኖራል፤ ከዚራም መጋላም የበቀሉት እዚያ ነው።

ይህን ስንል ሁሉም ነገር ተካክሷል ማለታችን አይደለም። ሐረር ባቡሩን አላገኘችም፤ ብዙ ንግዷም ወደዚህ ወረደ። እናንተም ብትሆኑ ማሽላ ዘርታችሁ ዝናቡ ሲቋረጥ ቡቃያው ይደርቃል። ማሳውን ገልብጣችሁ ቶሎ የሚደርስ ዘር ትዘራላችሁ። ምርቱ በመጀመሪያ ያሰባችሁትን ያህል ላይሆን ይችላል፤ ቢሆንም ጎተራው ባዶ አይቀርም።

ብረትና ማሽላ ግን በደል የላቸውም። ሰው ይበድላል። ጠያቂያችን ክርስቲያን ስለሆኑ መልሱን ከክርስትና እንፈልግ፤ ሙስሊም ወንድሞቻችንም አብራችሁን ስሙ።

የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት የበላዔ ሰብ ታሪክ ይነገራል። 78 ሰው የበላ ሰው ነው ይባላል። አንድ ቀን ውሃ የጠማው ለምጻም በእመቤታችን ስም ለመነው፤ ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ሲሞት ነፍሱ በሚዛን ተቀመጠች፤ ያቺ ጥርኝ ውሃ በእመቤታችን አማላጅነት ደፋች። እውነቱን ለመናገር በዚህ ታሪክ እኛ እርስ በርሳችን ተከራክረናል። ጥርኝ ውሃ የ78 ሰው ደም ዋጋ ይሆናል ወይ? አይሆንም። ዋጋ አልነበረም፣ ምሕረት ነው እንጂ። ያ ሰው ግን በዚያ ሁሉ ክፋት ውስጥ ሆኖ እጁን መዘርጋት አልተወም ነበር።

ጌታ በተሰቀለ ጊዜ በቀኙ የተሰቀለውንም ወንበዴ አስቡት። ፈያታዊ ዘየማን የምንለው ነው። እጁ ተቸንክሯል፤ የሰረቀውን ለመመለስ ቀን አልቀረውም። የቀረው አፉ ብቻ ነበር፤ በሱም ለመነ፤ በዚያው ቀን ገነት እንደሚገባ ተነገረው። ቀራጩ ዘኬዎስ ግን ቀንም ገንዘብም ነበረው። ስለዚህ ከሀብቱ ግማሹን ለድሆች፣ ላታለለውም ሰው አራት እጥፍ ልመልስ አለ። ምሕረቱ አንድ ነው። ቀን ያለው ሰው ግን በቀኑ የሚሠራበት ነገር አለው።

ይህን ሁሉ ለእኒያ አባት በሁለተኛው ሳምንት ነገርናቸው። ዝም ብለው ሰሙን። ከዚያ፣ «ወንድሜ እኮ አለ፤ ሐረር ነው የሚኖረው» አሉ። ደብዳቤ እንጻፍልዎ ስንላቸው ተቆጡ። «በሬውን የሰረቅኩት በገዛ እጄ ነው፤ በገዛ እጄ እጽፈዋለሁ» አሉን። የበሬውን ዋጋ ከማሽላው ሽያጭ ጥቂት በጥቂት እያጠራቀሙ ነው። ይበቃል አይበቃም እንጃ። ወንድማቸውም ይቀበሏቸው እንደሆነ አይታወቅም፤ ላይቀበሏቸውም ይችላሉ።

ፊደሉን ገና አልጨረሱም። እስካሁን የጻፉት የወንድማቸውን ስም ነው፤ አንዱን ፊደል ገልብጠውት አርመነዋል።

ከእናንተም መካከል ዘግይታችሁ የጀመራችሁ፣ ወይም አቋርጣችሁ የነበራችሁ ካላችሁ፣ ሰኞ ማታ ከሌላው ሰው ቀደም ብላችሁ ኑ። ከሀ እንጀምራለን።