ሰባት ዓመት የቆመችው ፔጆ

(ለገበሬ ወገኖቻችን የተደረገ ንግግር)

ዛሬ ስለ አንዲት አሮጌ መኪና እናጫውታችኋለን። መኪና ለሌለው ሰው የመኪና ወሬ ምን ያደርግለታል ትሉ ይሆናል። ከሐሮማያና ከኮምቦልቻ የመጣችሁት ግን ድንችና ሽንኩርት የምታጠጡበት የውኃ ሞተር ታውቃላችሁ። የእርሱና የመኪና ሆድ ዕቃ ብዙም አይለያይም። ክረምቱን ቆሞ ከርሞ በበጋ አልነሳም ያለው ሞተር ያስቸገረው ሰው ካለ፣ የምንለው ቶሎ ይገባዋል።

መኪናዋ ፔጆ 404 ናት። ፈረንሳይ አገር መሠራት የጀመረችው በ1952 ዓ.ም. ነው። መልኳን የነደፉላት ግን ፒኒንፋሪና የሚባሉት ጣሊያኖች ናቸው። ጠንካራ ናት። ጭቃና አቧራ የሚበዛበትን የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ያሸነፈችው እርሷ ናት። ሐረር ላይም ታክሲ ማለት ለብዙ ዓመት ፔጆ 404 ማለት ነበር። የጁገል ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን ሲሠራ መኪና አልታሰበም። በውስጡ ያለው መንገድ አብዛኛው ለሰውና ለአህያ ብቻ ነው የሚበቃው። ስለዚህ ታክሲው በሐረር በር ይገባና ፈረስ መጋላ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። እግረ መንገዳችንን እንንገራችሁ፣ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪና ጫጫታ ነው እንጂ ከእኛ መኪና አይደለም። ዛሬ ከተማውን ባጃጅ ሞልቶታል፤ ፔጆዎቹ እጅግ ቀንሰዋል።

አባታችን የፔጆ ታክሲ ነጂ ነበሩ። አምስታችንንም ያሳደጉን በእርሷ ነው። በ2008 ዓ.ም. አንድ ቀን ግቢ አስገብተው ሸራ አለበሷት፤ ከዚያ በኋላ አልነዷትም። እኛም ሁለቱም አርጅተው ነው ብለን ተውነው። በ2010 ዓ.ም. አባታችን አረፉ።

ከዚያማ ጭቅጭቅ ሆነ። ታላቃችን ለአሮጌ ብረት ገዢ ተሸጣ ገንዘቡን እንካፈል አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ልጆች ያስተምራል። ሥራ ያልነበረው ታናሻችን ደግሞ ትጠገንና ልሥራባት አለ። እናታችን እኔ በሕይወት እያለሁ ከግቢዬ አትወጣም አሉ። እንዲሁ ስንባባል አምስት ዓመት አለፈ። በመካከሉ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ አስወደደው። ይህን ጊዜ ታላቃችንም ላላ።

በ2015 ዓ.ም. ሸራውን ገለጥን። ጎማዎቹ ተኝተው ተሰነጣጥቀዋል። ኮፈኑን ስንከፍት አይጥ ጎጆ ሠርታ ልጆቿን አሳድጋበታለች፤ ሽቦውንም በልታዋለች። ታናሻችን አላስችለው ብሎ ባትሪ ተውሶ አመጣና ቁልፉን ሊያዞር ገባ። የጠራናቸው አዛውንት መካኒክ ከበሩ ላይ ጮኹበት። «እጅህን አንሳ! ሰባት ዓመት ውኃ ላልጠጣ ጉሮሮ ጥሬ ታጎርሳለህ?» አሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ውስጥ ፒስተን የሚባል ብረት አለ። በሙቀጫ ውስጥ እንዳለ ዘነዘና ይወጣል ይወርዳል። ብረትና ብረት እንዳይፋጭ በመካከሉ ስስ ዘይት አለ። ሞተሩ ብዙ ጊዜ ሲቆም ዘይቱ ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ብረቱ ይራቆታል፤ እርጥበት ያገኘውና ይዝጋል። በዚህ ላይ በሞተሪኖ በኃይል ቢያዞሩት የፒስተኑ ቀለበት ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ መካኒኩ አራቱን ካንዴላዎች ፈቱና በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት አፍስሰው «በሉ፣ ለሳምንት እንገናኝ» አሉን። ታናሻችን አኮረፈ። በሳምንቱ መጡና በማኑቬላ በእጃቸው ሞከሩት። እምቢ አለ። ዘይት ጨመሩ። በሦስተኛው ቀን ዞረ። እናታችን እልል አሉ።

የቀረው ቤንዚን ቤንዚን ቤንዚን አይሸትም ነበር። ቤንዚን ሲቆይ ቀላሉ ይተናል፤ የሚቀረው እንደ ሙጫ ይሆንና የመርፌ ቀዳዳ የሚያህለውን የካርቡራተር ቀዳዳ ይደፍነዋል። ሁሉንም ደፍተን አጠብን። የውኃ ሞተራችሁም በቤንዚን የሚሠራ ከሆነ፣ ለክረምት ስታስቀምጡት ቤንዚኑን አውጡለት። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

ልናስነሳት ስንል እናታችን ከሣጥናቸው አንድ ደብተር አወጡ። አባታችን ፊደል የቆጠሩት በጎልማሳነታቸው፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ዘይት በቀየሩ ቁጥር ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ይጽፉ ነበር። ፊደላቸው ትልልቅ ነው፤ ሀ እና ሐ ይደባለቅባቸዋል። እኛ የተማርነው ልጆቻቸው የዕዳ መዝገብ መስሎን አንድም ቀን አልገለጥነውም። በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ዘይቱ እንደ ወተት መንጣቱን፣ ውኃ እየገባበት መሆኑን፣ ቴስታታው ተፈትቶ ሳይታይ እንዳትነሳ ጽፈዋል። ለካ ያቆሟት አርጅታ አልነበረም።

ሲነበብላቸው መካኒኩ ዝም ብለው ቆዩ። «ዘይቱን እኔም እቀይረው ነበር፤ ቴስታታውን ግን አልፈታም ነበር» አሉ። ውኃ የገባበት ዘይት ብረትን ከመፋጨት አያድንም። እንዲሁ አስነስተን ብንነዳት ዋናው ዘንግ ይበላ ነበር። ሲፈታ በእርግጥም ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ ተገኘ። ምትኩ ድሬዳዋ ተፈልጎ መጣ።

ተነሳች። ግቢው በጭስ ተሞላ። ታናሻችን በዚያው ዕለት ድሬዳዋ ወርጄ ለአክስታችን ላሳያት አለ። የደንገጎን ቁልቁለት ታውቁታላችሁ፤ መጠማዘዣ በመጠማዘዣ ነው። መካኒኩ «መጀመሪያ ግቢ ውስጥ» አሉት። በሰው እርምጃ ነድቶ ፍሬን ሲረግጥ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ገባ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄዳ ከድንጋይ አጥሩ ጋር ተጋጨች፤ አንድ የፊት መብራት ተሰበረ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ውስጡን ያዝጋል። በዚያ ላይ ላስቲኮቹ አርጅተው ተቀድደው ነበር። የአራቱም እግር ተቀየረ። ታናሻችን ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ድሬዳዋ አልተነፈሰም።

ሊብሬው በአባታችን ስም ስለነበር ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጥተን ስም ማዛወር ነበረብን። ይህም እንደ ጥገናው ያህል ጊዜ ፈጀ።

በ2016 ዓ.ም. እናታችንን ከኋላ አስቀምጠን ፈረስ መጋላ ገባን። ታናሻችን አሁን ይሠራባታል፤ ለእኛም በየወሩ ድርሻችንን ሊሰጥ ተስማምቷል። ሦስት ወር ሰጠ፤ በአራተኛው ጎማ ገዛሁበት አለን። ታላቃችን ደረሰኙን አሳየኝ ብሎታል። የግራው የኋላ በር ግን እስከ ዛሬ ከውጭ አይከፈትም።