«ቆይ እስቲ፣ አሁን ሐኪም ነሽ ወይስ ሠዓሊ?»

(በምሩቃን ማኅበሩ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው ደውሎ «ከክሊኒክ ውጪ ስለምትሠሪው ሥራ ንገሪን» ሲለኝ እሺ ለማለት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስፔሻሊስቶች አላችሁ፣ ሆስፒታል የምትመሩ አላችሁ፣ በጦርነትና በወረርሽኝ ጊዜ ከሥራችሁ ንቅንቅ ያላላችሁ አላችሁ። እኔ ደግሞ አሜሪካ ተቀምጬ ለፍርድ ቤትና ለቴሌቪዥን የኮምፒውተር አኒሜሽን እሠራለሁ። እናቴ ይህንን አስረድቻት ስጨርስ፣ «ቆይ እስቲ፣ አሁን አንቺ ሐኪም ነሽ ወይስ ሠዓሊ?» ብላኝ ነበር። ብዙ ዓመት መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ለእናንተ ልመልስ እሞክራለሁ።

ነገሩ የጀመረው እዚሁ ጎንደር ነው። የአናቶሚ መምህራችን ብራኪያል ፕሌክሰስን በአምስት ቀለም ጠመኔ ሰሌዳው ላይ ሲሥሉልን የፎርማሊኑ ሽታ እንኳ ይረሳኝ ነበር። ማታ ዶርም ገብቼ በእርሳስ እደግመዋለሁ፤ ጓደኞቼ ለፈተና ፎቶኮፒ ያደርጉታል። (አንዳንዶቻችሁ አሁን ስትስቁ አያችኋለሁ። የፎቶኮፒውን ድርሻዬን እስካሁን አልሰጣችሁኝም!) መምህራችን አንድ ቀን ሥዕሌን አይተው፣ «ይቺን ነርቭ ከየት አመጣሻት? ሬሳው ላይ አይተሻታል?» አሉኝ። አላየኋትም ነበር። መጽሐፍ ላይ ስላለች ጨምሬያት ነው። «ያላየሽውን አትሣይ» ብለው አስጠፉኝ። በዚያን ዕለት ተናድጄ ነበር።

ተመርቄ ሦስት ዓመት በወረዳ ሆስፒታል ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ ሠራሁ። ከዚያ በቤተሰብ ምክንያት አሜሪካ ገባሁ። ፈተናዎቹን አለፍኩ፤ ለሬዚደንሲ ግን ሦስት ዓመት በተከታታይ አመልክቼ ቦታ አላገኘሁም። ይህ ስንቶቻችን ላይ እንደደረሰ ታውቃላችሁ፤ አናወራውም እንጂ። ቀን ቀን አረጋውያንን በየቤታቸው እንከባከባለሁ። እናቴ ስትደውል «ሆስፒታል ነኝ» እላታለሁ። ውሸቴን ነበር።

ከዚያ አንድ የጠበቃ ቢሮ የታካሚዎችን መዝገብ አንብቦ የሚያሳጥር ሰው ፈልጎ ቀጠረኝ። አንድ ቀን ጠበቃው በመኪና አደጋ አንገቱ ላይ ዲስክ ወጥቶ ነርቭ የተጫነበትን ደንበኛ ጉዳይ ያጠናል። ነገሩ አልገባው አለ። ወረቀት አንሥቼ ሣልኩለት። ዝም ብሎ አየና፣ «ዶክተር፣ ይህን ማንቀሳቀስ ትችያለሽ?» አለኝ። ዶክተር ብሎ ከጠራኝ ሰው ከስንት ጊዜ በኋላ የመጀመሪያው እሱ ነው። አልችልም ማለት ሲገባኝ «እችላለሁ» አልኩ። ማታ ማታ ብሌንደር የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ከዜሮ ተማርኩ። የመጀመሪያዋ የ40 ሰከንድ ሥራዬ አራት ወር ፈጀች።

ሥራው ምን እንደሆነ ላስረዳ። በአሜሪካ ብዙ ክሶችን የሚወስነው ጁሪ ነው፤ ከሕዝብ የተመረጡ፣ ሕክምና ያልተማሩ ሰዎች ናቸው። ባለሙያ ምስክር የሆነው ሐኪም «ሲ-6» ሲል ለእነሱ የአውቶቡስ ቁጥር ነው። እኔ የሐኪሙን ቃል ወደ ምስል እለውጣለሁ። ከሆስፒታሉ የሲቲ ስካን ፋይል እወስዳለሁ፤ 3ዲ ስላይሰር በሚባል፣ እሱም ነፃ በሆነ ሶፍትዌር አጥንቱን ለይቼ አወጣለሁ፤ ብሌንደር ላይ አጸዳለሁ፤ አንቀሳቅሰዋለሁ። በሰከንድ 30 ፍሬም ካልን አንድ ደቂቃ 1,800 ሥዕል ማለት ነው። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከመዝገቡ ገጽ ቁጥር ጋር ተያይዞ ሠንጠረዥ ላይ ይሰፍራል። ምስክሩ «ይህ አስተያየቴን በትክክል ያሳያል» ብሎ ፍርድ ቤት ካልመሰከረ፣ ሥራዬ ዋጋ የለውም።

ሁለት ነገር እንዳይምታታባችሁ። ሲሙሌሽን የሚባለው ኮምፒውተሩ በፊዚክስ ቀመር አስልቶ ራሱ ድምዳሜ ላይ የሚደርስበት ነው። እኔ የምሠራው አኒሜሽን ግን ባለሙያው የደረሰበትን ድምዳሜ ብቻ ያሳያል። የፔንሲልቬኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 ሰርጅ በሚባለው የግድያ ጉዳይ ላይ ዓቃቤ ሕግ ያቀረበውን አኒሜሽን ሲቀበል ካያቸው ነገሮች አንዱ፣ ምስሉ ድምፅና የፊት ስሜት የሌለው ደረቅ ማሳያ መሆኑ ነው። ዳኛውም ለጁሪው ይህ የባለሙያ አስተያየት ማሳያ ብቻ እንደሆነ ነግሮ ነበር። ከታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የማስረጃ ሕግ ቁጥር 107 ወጥቷል። በእሱ መሠረት እንዲህ ያለ ማሳያ ራሱ ማስረጃ አይደለም፤ ተከራካሪዎቹ ሁሉ ካልተስማሙ ወይም ፍርድ ቤቱ በቂ ምክንያት አይቶ ካልፈቀደ በቀር ጁሪው ሊመክር ሲገባ ይዞት አይገባም።

አሁን «ሥራው እንዴት ይገኛል?» ለምትሉኝ ወጣቶች። በግል ለመሥራት ስወጣ 40 ለሚሆኑ ጠበቆች ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ሁለት መለሱ። አንዱ አመሰግናለሁ ብሎ ዘጋው። ሁለተኛው ናሙና ጠየቀ፤ አልነበረኝም። ስለዚህ መጀመሪያ ናሙና ሥሩ። ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይብለጥ፤ ምርጡ ከፊት ይምጣ። የእውነተኛ ታካሚ ፊልም ወይም ስም እንዳትነኩ፤ በነፃ የተለቀቁ የማስተማሪያ ስካኖች አሉላችሁ። ትልልቅ ቢሮዎች የራሳቸው ድርጅቶች ስላሏቸው የትንንሽ ቢሮዎችን በር አንኳኩ፤ ወይም ከአኒሜሽን ድርጅቶች ትርፍ ሥራ ተቀበሉ። ዋጋ በሰዓት አትቁረጡ፤ በሥራው ልክ ቁረጡ፤ ግማሹን በቅድሚያ ተቀበሉ፤ ስንት ጊዜ እርማት እንደምትቀበሉ በጽሑፍ ይስፈር። አብዛኛው ክስ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በስምምነት ስለሚያልቅ ሥራችሁን ማንም ላያየው ይችላል፤ ክፍያው ግን መከፈል አለበት። «ካሸነፍን ድርሻ እሰጥሻለሁ» የሚል ሰው ከመጣ ሻይ ጠጥታችሁ ተለያዩ። ውጤቱ ኪሳችሁን የሚነካ ከሆነ እጃችሁ ይንቀጠቀጣል።

ይህን የምላችሁ እጄ ተንቀጥቅጦ ስለሚያውቅ ነው።

ሥራው በለመደልኝ በሦስተኛው ዓመት አንድ ጠበቃ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ጉዳይ አመጣ። ቀዶ ሐኪሙ በላፓሮስኮፒ ሲሠራ ዋናውን የሐሞት ቱቦ ቆርጦታል። ታካሚዋ ሌላ ትልቅ ቀዶ ሕክምና አስፈልጓታል፤ ከዓመት በላይ ተሠቃይታለች። ጉዳቱ እውነት ነው፤ ፊልሙንም አይቻለሁ። ጠበቃው የፈለገው ግን ቱቦው አረንጓዴ ሆኖ፣ ከዙሪያው ተለይቶ፣ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት አኒሜሽን ነው፤ ልክ እንደ መማሪያ መጽሐፍ። ጁሪው «ይህን እንዴት አላየም?» እንዲል። የኦፕሬሽን ማስታወሻው ደግሞ ከባድ ብግነትና የተጣበቀ ሕብረ ሕዋስ እንደነበር ይናገራል። ቀዶ ሐኪሞቻችን ታውቁታላችሁ፣ እዚያ ውስጥ አረንጓዴ ቱቦ የለም። ሁሉም አንድ ዓይነት ቀይ ጭቃ ነው።

«የነበረውን ብግነት ልሣለው፤ ከዚያ የእናንተ ባለሙያ፣ ካልታየው ማቆም ነበረበት፣ ወይም ወደ ክፍት ቀዶ ሕክምና መዞር ነበረበት ይበል» አልኩት። ለእኔ ክሱ እንዲያውም ይጠነክራል። እሱ ግን «ሐኪም ስለሆንሽ ለሐኪሙ አደላሽ» አለኝ። ሥራውን ወስዶ ለሌላ ሰጠው። በዚያ ዓመት ከገቢዬ ሲሶው ከእሱ ነበር የሚመጣው። ዳግመኛ አልደወለልኝም፤ ጉዳዩ እንዴት እንዳለቀም አላወቅኩም።

ያቺ ቃሉ ግን እንቅልፍ ነሣችኝ። አድልቼ ይሆን? ያንን ቀዶ ሐኪም ሳስብ ከእናንተ የአንዱ ፊት ነበር የሚመጣብኝ። ለታካሚዋ ደግሞ ማን ያስብላት? ለራሴ አንድ ጥያቄ አበጀሁ፦ ይህንን ምስል የቀጠረኝ ተቃራኒው ወገን ቢሆን ኖሮ እንዲሁ እሥለው ነበር? ከሁለት ዓመት በኋላ ፈተናው በሌላ በኩል መጣ። የተከሰሰ ሐኪም ጠበቆች ብግነቱ መዝገቡ ላይ ካለው በላይ ከብዶ እንዲታይ ጠየቁኝ። እምቢ አልኩ፤ ይህኛውም ሥራ ሄደ። ገንዘቡ ቢያመኝም በዚያ ማታ ደህና ተኛሁ። አሁን ውሌ ላይ «በመዝገብ ውስጥ የሌለ አይሣልም» የሚል አንቀጽ አለ። የማን ቃል እንደሆነ የአናቶሚ መምህራችን ተማሪዎች ታውቃላችሁ።

የቴሌቪዥኑ ዓለም ሌላ ነው። ፍርድ ቤት ቀለሙን አደብዝዢ፣ ደሙን ተዪ ይላል፤ ቴሌቪዥን ፍጠኚ፣ አድምቂ ይላል። ክፍያው ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው፤ ስም ግን ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ዓለም ሁሉ የኮሮናን ፊት ያወቀው ሁለት የሕክምና ሠዓሊዎች በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ውስጥ ሆነው በሠሩት ግራጫና ቀይ ምስል ነው። የእኛንም ሙያ ሰው ያወቀው ያኔ ነው ማለት ይቻላል። እኔም በዋሽንግተን አካባቢ ላሉ ወገኖቻችን በአማርኛ ለሚተላለፍ ፕሮግራም ስለ ክትባቱ የሁለት ደቂቃ አኒሜሽን ሠራሁ። በመጀመሪያው ረቂቅ ስፓይክ ፕሮቲንን «እሾህ» አልነው። ለናሙና ያሳየናቸው አንዲት እናት፣ «እሾህ ደሜ ውስጥ ልትከቱ ነው?» ብለው ተነሡ። እውነታቸውን ነው። «ቫይረሱ በራችንን የሚከፍትበት ቁልፍ፤ ክትባቱ የቁልፉን መልክ ለዘበኞቻችን ያሳያል» ብለን ቀየርነው። ዶላር አልበዛበትም፤ ከሠራሁት ሁሉ ግን ብዙ ሰው የጠቀመው እሱ ይመስለኛል።

እናቴም አየችው። ደወለችና፣ «ያቺ በቴሌቪዥን ያየኋት ያንቺ ናት?» አለችኝ። «አዎ እማዬ» አልኳት። ከዚያ የቆየውን ውሸቴን፣ ሆስፒታል ነኝ እያልኩ የሰው ቤት አዛውንት አጥብ እንደነበር ነገርኳት። ዝም አለች። ቆይታ፣ «እነሱንስ ያከምሽው አንቺ አይደለሽ?» አለችኝ። ሌላ አላለችም።

የምጨርሰው ለመምህራኑ በማቅረብ ጥያቄ ነው። ሁላችንም ያጠናንበትን አትላስ የሣለው ፍራንክ ኔተር እ.ኤ.አ. በ1931 የተመረቀ ሐኪም ነበር፤ ሕክምናውን ትቶ ሥዕልን መረጠ፤ ማንም ግን ሐኪም አልነበረም አይልም። ከተማሪዎቻችሁ መካከል ማታ ማታ የሚሥሉ አሉ። ተመርቀው ሥራ የሚጠብቁም አሉ። ይህ ሥራ ለሁሉም መፍትሔ ነው አልልም፤ ጠንካራ ኮምፒውተር ይፈልጋል፣ የማይቆራረጥ መብራትና ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ከውጭ የሚመጣ ክፍያም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ቢያንስ ግን ለራሳችን ማስተማሪያ በራሳችን ቋንቋ መሥራት እንችላለን። እኔ በበኩሌ ከመጪው መንፈቅ ጀምሮ ስድስት ቅዳሜ በኢንተርኔት ብሌንደርን አስተምራለሁ። የሠራሁትን የብራኪያል ፕሌክሰስ ሞዴልም ለአናቶሚ ክፍሉ በነፃ አስረክባለሁ። አምስቱ ቀለሞች እንደ ጠመኔው ናቸው። ስህተት ካያችሁበት አስጠፉኝ።