የሻሞላ እጀታ አመራረጥ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል፥ በወላጆች ቀን የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክና ስለ ዕውቀት ጥቅም የሚናገሩ ጓደኞች አሉን። ለእኛ፥ ለሻሞላ ክበብ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች፥ የደረሰን ርእስ ግን አንድ ስንዝር እንኳ የማይሞላ ነገር ነው፤ ይኸውም የሻሞላ እጀታ ነው። «ይህም ንግግር ሊወጣው ነውን?» የሚል ቢኖር አንፈርድበትም፤ እኛም ከሁለት ዓመት በፊት እንዲሁ እንል ነበር። ነገር ግን በዚህች ትንሽ ነገር ምክንያት የክበባችንን አራት ሻሞላዎች እንዳይመለሱ አድርገን ቈርጠናል፤ ከዚያም የባሰው፥ አንድ ታናሽ ወንድማችንን ከጨዋታ ውጭ አድርገን ነበር። ስለዚህ የምንናገረው እንደ ዐዋቂ ሳይሆን ተሳስቶ እንደ ታረመ ሰው ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጨዋታው ጥቂት እንበል። ሻሞላ፥ ጎራዴና ሾተል ለአያቶቻችን የጦር መሣሪያዎች ነበሩ። ዛሬ በዓለም የሚታወቀው የሻሞላ ስፖርት ግን ማንንም ለማቍሰል አይደለም፤ የመሣሪያው ጫፍ ደነዝ ነው፥ ፊት በሽቦ ጭንብል ይሸፈናል፥ ሕግና ዳኛም አለው። እ.ኤ.አ. በ1896 በአቴና ከተደረገው ኦሎምፒክ ጀምሮ ሲካሄድ ኖሯል። ከአፍሪካም ግብፃዊው አላኤልዲን አቡልቃሲም እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን በፎይል የብር ሜዳይ አግኝቷል።

መሣሪያዎቹ ሦስት ናቸው። ፎይል ክብደቱ ከ500 ግራም አይበልጥም፤ የሚነካበትም ስፍራ ደረት፥ ሆድና ጀርባ ነው። ኤፔ እስከ 770 ግራም ይመዝናል፤ በእርሱ ከራስ እስከ እግር ጥፍር መንካት ይፈቀዳል። ሳብር የጎራዴ ዘመድ ነው፤ ከወገብ በላይ በጫፉም በጐኑም ይመታል። የሳብር እጀታ ከሞላ ጎደል አንድ ዐይነት ስለ ሆነ፥ የምርጫው ጥያቄ የሚነሣው በፎይልና በኤፔ ላይ ነው።

ከእጀታዎቹ የመጀመሪያው የፈረንሳይ እጀታ የሚባለው ነው። ይህ በጥቂቱ የጎበጠ፥ በቆዳ ወይም በጎማ የተለበጠ ሲሆን በመጨረሻው ላይ የብረት ጉልላት አለበት። ጉልላቱ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ በእጀታው ውስጥ የሚያልፈውን የዘንግ ጭራ እንደ ብሎን አጥብቆ ይይዛል፥ የፊቱንም ክብደት ወደ እጅ መልሶ ያመዛዝናል። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ጫፉን ይመሩታል፤ የቀሩት ሦስቱ ጣቶች ደግሞ እጀታውን ወደ መዳፍ ጫን ለቀቅ እያደረጉ ይረዷቸዋል። በዚህ እጀታ ጉልበት ብዙ አይጠቅምም፤ ጣቶች ግን ሥራቸውን በግድ ይማራሉ። የቀድሞ የሻሞላ መምህራን «መሣሪያህን እንደ ትንሽ ወፍ ያዘው፤ ብታጠብቀው ትሞታለች፥ ብታላላው ትበራለች» ሲሉ ያስተምሩ ነበር ይባላል። ይህ ምክር ከሁሉ ይልቅ የሚገባው ለፈረንሳይ እጀታ ነው። በኤፔ ጨዋታም አንዳንዶች ወደ ጉልላቱ ጠጋ ብለው ይይዙትና ጥቂት ሳንቲሜትር ርዝመት ያተርፋሉ። ትርፉ ግን በነፃ አይገኝም፤ ተጋጣሚው ዘንጉን ጠንከር አድርጎ ቢመታው መሣሪያው ከመስመሩ በቀላሉ ይወጣል።

ሁለተኛው የኢጣልያ እጀታ ነው። ይህ ከእጅ መከላከያው ሳሕን በስተኋላ አግዳሚ ብረት ያለው ሲሆን ጣቶች በዚያ ላይ ይቈለፋሉ። ጥንካሬ ይሰጣል፤ ዛሬ ግን የሚይዙት ጥቂቶች ስለ ሆኑ አንዘገይበትም።

ሦስተኛው ሽጉጥ መሰል እጀታ ነው። የቤልጅየም፥ የቪስኮንቲና የሩሲያ የሚባሉ ልዩ ልዩ ቅርጾች አሉት። ጣቶች የሚያርፉባቸው ጉብታዎችና ቀንዶች ስላሉት መላው እጅ እንደ ሽጉጥ ይጨብጠዋል። በሕግ መጽሐፍ የተሰጠው ስም ኦርቶፔዲክ የሚል ነው፤ ይህም ቃል ከሐኪሞች ቤት የመጣ ነው። ለመመከት፥ የተጋጣሚን ዘንግ ለመምታትና ይዞ ለመግፋት ይህን የሚያህል የለም። እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሎምፒክ፥ አገራችን ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት ጨዋታ፥ የፎይል ንክኪ በኤሌክትሪክ መብራት እንዲታወቅ ተደረገ። በጫፉ ላይ መሣሪያ ስለ ተጨመረበት ፎይል ወደ ፊት ከበድ አለ፤ ከዚያ ዘመን ወዲህም ሽጉጥ መሰሉ እጀታ እየበዛ ሄደ። ሕጉ ግን ልክ አበጅቶለታል፤ እንዲህ ያለ እጀታ እጅን በአንድ ስፍራ ብቻ ማስያዝ አለበት፥ የተዘረጋው የአውራ ጣት ጫፍም ከሳሕኑ ውስጠኛ ፊት ከ2 ሳንቲሜትር በላይ መራቅ የለበትም። ስለዚህ በሽጉጥ እጀታ ወደ ኋላ ሸሽቶ ርዝመት መጨመር አይቻልም።

እንግዲህ ወደ ጥፋታችን እንምጣ። ክበባችን የነበሩት ስድስት ፎይሎች ብቻ ናቸው፤ ሁሉም የፈረንሳይ እጀታ ነበራቸው። እኛ ግን የታላላቅ ተወዳዳሪዎችን ተንቀሳቃሽ ሥዕል አይተን «አሸናፊዎች የሚይዙት ሽጉጥ እጀታ ነው፤ የእኛ የሕፃናት መጫወቻ ነው» አልን። ወላጆቻችን ባዋጡት ገንዘብ አምስት እጀታ አስመጣን። ሽጉጥ መሰል እጀታ አጭር ጭራ ስለሚፈልግ፥ መምህራችን በሌሉበት ቀን የአራት ፎይሎችን ጭራ በመጋዝ ቈረጥን። የተቈረጠ ጭራ ደግሞ እስከ ጉልላቱ ስለማይደርስ ወደ ፈረንሳይ እጀታ አይመለስም። አምስተኛዋ እጀታ ለማናችንም እጅ ስለ ጠበበች «የማትረባ» ተብላ ሣጥን ውስጥ ተጣለች።

ከአንድ ወር በኋላ ምን ሆንን? ጣቶቻችን ሥራ ፈቱ። ጫፉን በጣት ከማዞር ይልቅ ክንዳችንን በሙሉ እናወዛውዝ ጀመር። መጨበጥ ስለ ተመቸን ሳናውቀው አጥብቀን እየጨበጥን ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ክንዳችን ይዝል ነበር። መምህራችን ይህን ባዩ ጊዜ አልተቈጡንም፤ «ልጆቼ፥ ገና ሳትጽፉ ብዕር መረጣችሁ» ብለው ብቻ ዝም አሉ። ቢቈጡን ይሻለን ነበር።

ዋናው ነገር ግን ይህ አይደለም። በዚያው ዓመት አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ክበባችን ገባ። በሕፃንነቱ እሳት ስላገኘው የቀኝ እጁ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት አይታጠፉም። ከቀሩት ሁለት የፈረንሳይ እጀታዎች አንዱን ሰጠነው። እጀታውን ወደ መዳፍ የሚጫኑት እነዚያ ጣቶች ስለ ሆኑ፥ ዘንጉ በተመታ ቍጥር ሻሞላው በእጁ ውስጥ ይዞርበት ነበር። እኛም እንደ ታላቅ ወንድም በማሰብ ፈንታ እንደ ዳኛ ፈረድንና «አንተ ነጥብ ብትመዘግብልን ይሻላል» አልነው። ልጁ አልተከራከረም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ ነጥባችንን አንድም ሳይሳሳት መዘገበ።

አንድ ቀን መምህራችን ደብተሩን አይተው «ይህ ልጅ ለምን አይጫወትም?» ብለው ጠየቁ። ምክንያቱን ነገርናቸው። ሄደው ሣጥኑን ከፈቱ፤ ያችን የማትረባ ያልናትን ትንሽ እጀታ አውጥተው ጭራው በተቈረጠ ፎይል ላይ አሠሩና በልጁ እጅ አስያዙት። አውራ ጣቱ፥ ሌባ ጣቱና የመሐል ጣቱ በየጉብታቸው ዐረፉ፤ ቀንዱ በመዳፉ ላይ ተደገፈ፤ የማይታጠፉት ሁለቱ ጣቶች ምንም ሳይጠየቁ በጐን ቀሩ። ዘንጉን መታነው፤ አልዞረም። እንደ ገና መታነው፤ አልዞረም። እኛ ለክብር ብለን የተሻማነው ነገር ለእርሱ እጅ ሆኖለት ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላም ከእኛ አንዱን 5 ለ 3 አሸነፈው። የተሸነፈው ይህን ንግግር በማንበብ ላይ ያለው ነው።

ከዚህ የተማርነውን በአጭሩ እናስረዳ። እጀታ የሚመረጠው በአሸናፊው እጅ ሳይሆን በራስ እጅ ነው። ጀማሪ ጣቶቹ ጤነኞች ከሆኑ መጀመሪያ በፈረንሳይ እጀታ ጣቶቹን ያሠልጥን፤ ከዚያ በኋላ አጨዋወቱ መመከትና ዘንግ መያዝ ከሆነ ወደ ሽጉጥ እጀታ ይሻገር፤ በኤፔ ርቀት ጠብቆ መጫወት የሚወድ ከሆነም በፈረንሳዩ ይጽና። የጣት ጉድለት ወይም የአንጓ ድካም ያለበት ግን ማንም «ተራህን ጠብቅ» ሊለው አይገባም፤ ከመጀመሪያው ቀን የሚስማማውን ይያዝ። ልኩንም ጓንት አጥልቆ ይሞክር፤ በጣም ከጠበበ ጣት ይተሳሰራል፥ ከሰፋም ጣት አይደርስም። የቀኝና የግራ እጅ እጀታ የተለያየ መሆኑንም አይርሳ። ከዚያም ክንዱን ዘርግቶ በጫፉ ትንሽ ክብ ይሥራ። ጣቶች ብቻ ሲሠሩ ክንድና ትከሻ ከተቀመጡ እጀታው ተስማምቶታል፤ ትከሻው ከተንቀሳቀሰ ወይ እጀታው አይሆነውም ወይ አጥብቆ ጨብጧል። ይህን ሁሉ ሳይፈትን መጋዝ አያንሣ።

ኢጣልያዊቷ ቤአትሪቼ ቪዮ ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳለች በማጅራት ገትር ሕመም ሁለቱን እጆቿን ከክንድ፥ ሁለቱን እግሮቿንም አጣች። ፎይሉ ከሰው ሠራሽ ክንዷ ጋር ተያይዞላት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትጋጠም ነበር። በፓራሊምፒክ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ፥ ዳግመኛም በ2021 በቶኪዮ የወርቅ ሜዳይ ወስዳለች። አንዲት ጣት ሳይኖራት ይህን ካደረገች፥ ስምንት ደኅና ጣት ያለውን ወንድማችንን ከጠረጴዛ ኋላ ያስቀመጥን እኛ ምን መልስ አለን?

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጆች ሳለን የዳዊትን ታሪክ ተምረናል። ንጉሥ ሳኦል የራሱን ጥሩርና ሰይፍ ባስታጠቀው ጊዜ፥ ዳዊት ለመሄድ ሞክሮ ስላልለመደው አወለቀው፤ እጁ ወደሚያውቀው ወንጭፍም ተመለሰ። የሳኦል መሣሪያ መጥፎ ስለ ነበረ አይደለም፤ የሌላ ሰው ልክ ስለ ነበረ ነው። ታሪኩን በቃላችን እናውቀው ነበር፤ ትርጕሙን ያስተማረን ግን ያ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነው።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን፤ እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን እንሄዳለን። ጭራቸው ያልተነካ ፎይሎች ለክበቡ የተውንለት ሁለት ብቻ ነው። ስለዚህ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ከየኪሳችን አዋጥተን ሁለት አዲስ ዘንግ ከነፈረንሳይ እጀታቸው እንዲገዛ ገንዘቡን ለመምህራችን አስረክበናል። የጐደሉት ሁለቱ በእናንተ ቸርነት እንዲሟሉ በትሕትና እንለምናለን። ሽጉጥ መሰሎቹም እጀታዎች አይጣሉ፤ የሚያስፈልጋቸው ልጅ በሚመጣው ዓመት በር ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል።

ለእናንተም ከእኛ በኋላ ለምትቀሩ ታናናሾቻችን አንድ ነገር እንተውላችሁ። አዲስ ልጅ ወደ ክበቡ ሲመጣ አስቀድማችሁ እጁን እዩ፤ ከዚያ በኋላ ሣጥኑን ክፈቱ።