ማር የሚቆረጠው በቢላዋ ነው
(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል፣ ባሕር ዳር ላይ ለጠቅላላ ጉባኤው የቀረበ ንግግር)





በዚህ መድረክ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ተብሏል፤ ወደፊትም ይባላል። እኔ ዛሬ የማነሣው ከማናችንም ቤት ስለማይጠፋ፣ ነገር ግን በዕቅዶቻችን ላይ ተጽፎ ስለማይገኝ አንድ ዕቃ ነው። እሱም ቢላዋ ነው።

ጤፍ ይታጨዳል፣ ቡና ይለቀማል፣ ማር ግን ይቆረጣል። አባቶቻችን ይህን ቃል ያለ ምክንያት አልመረጡትም። ዓመቱን ሙሉ የሚለፋው ንብ ነው፤ የሰው ድርሻ ጎልቶ የሚታየው በመቁረጫዋ ሰዓት ነው። በዚያች ሰዓት ቢላዋው የማይሆን ከሆነ፣ የያዘው እጅም የት ላይ መቆም እንዳለበት ካላወቀ፣ ማሩ ይበላሻል፣ ንቡም ይጠፋል። የንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

በሌላው ዓለም ጥሩ ስለት የሚወዱ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው ዓሣ ያጠምዳሉ፣ እንጨት ይቀርጻሉ፣ በጓሯቸውም ሁለት ሦስት ቀፎ ይይዛሉ። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በጣና ዳር ቆሮሶና አምባዛ የሚበልተው ዓሣ አስጋሪ፣ በዘጌ ደን ውስጥ ገጀራ ይዞ የሚውለው የቡና ገበሬ፣ ደንገል አጭዶ ታንኳ የሚሠራው ባለሙያ፣ ሁሉም ስለ ስለት ሲነሣ ጨዋታው ይደምቃል። «የእኔ ካራ ከአባቴ የወረስኩት ነው» የሚለው ስንቱ ነው! ከእነዚሁ ሰዎች መካከል ከቤቱ ጣራ ሥር ወይም ከአጥሩ ጥግ ቀፎ ያስቀመጠም አይጠፋም። ዋና ሥራው እርሻ፣ መምህርነት ወይም ክህነት ሆኖ ሲመሽ ወደ ንቦቹ ብቅ የሚል ሰው ማርም ገንዘብም ያገኛል፤ ከሁሉ በላይ ግን መንፈሱን ያድሳል። ስለዚህ የምናገረው መቶ ቀፎ ላለው ብቻ ሳይሆን ሁለት ቀፎ ላለውም ነው።

በመጀመሪያ ባህላዊውን ቀፎ እንመልከት። በአገራችን ካለው ቀፎ አብዛኛው አሁንም ከቀርከሃ ወይም ከሐረግ ተሠርቶ በእበትና በጭቃ የሚለሰነው ነው። በዚህ ቀፎ ውስጥ ንቦቹ እጫቸውን በአብዛኛው ወደ መግቢያው በኩል፣ ማራቸውን ደግሞ ወደ ኋላ ያደርጋሉ። እንግዲህ ከኋላ ከፍቶ፣ በልኩ አጭሶ፣ የማሩን እንጀራ አንድ በአንድ እየቆረጡ መጥቶ እጭ ሲታይ ማቆም ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በጨለማ፣ በጭስ መካከል፣ አጭርና ደነዝ ቢላዋ ይዞ ክንዱን እስከ ትከሻው ያስገባ ሰው የት እንደሚቆም አያይም። ደነዝ ቢላዋ እንጀራውን አይቆርጠውም፤ ይጨፈልቀዋል። ማሩ ፈስሶ ንቦቹን ያሰጥማል፤ እጩም ከማሩ ጋር ይወጣል። አንዲት ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል ተነሥታ እስክትወጣ 21 ቀን ይፈጅባታል። አንድ እንጀራ እጭ የቆረጠ ሰው እንግዲህ የሦስት ሳምንት የንብ ልፋት ጣለ ማለት ነው። የባሰው ደግሞ ሙልጭ አድርጎ መቁረጥ ነው። ማራቸውን በጥቅምትና በኅዳር ሁሉንም ያጡ ንቦች በጋውን በምን ይሻገሩታል? ቀፎውን ትተው ይሄዳሉ፤ ባለቤቱም «ንቤ ኮበለለ» ይላል። ኮበለለ ሳይሆን ተባረረ ነው የሚባለው።

ለዚህ ቀፎ የሚያስፈልገው እጀታው ረጅም፣ ጫፉ ጎበጥ ያለ፣ በሁለቱም ጎኑ የተሳለ ቢላዋ ነው። ዋጋው ከአንድ ኪሎ ማር ብዙም የማይርቅ ይህ ዕቃ አንድን ሙሉ ኅብረ ንብ ያድናል።

ሁለተኛው ዘመናዊው ቀፎ ነው። ባህላዊው ቀፎ በዓመት በአማካይ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ማር ሲሰጥ፣ ባለ ፍሬሙ በደንብ ከተያዘ ከ15 እስከ 20 ኪሎና ከዚያም በላይ ይሰጣል። ምስጢሩ ሣጥኑ ብቻ አይደለም። ንቦች 1 ኪሎ ሰም ለመሥራት ከ6 እስከ 8 ኪሎ የሚደርስ ማር ይበላሉ ይባላል። በዘመናዊው ቀፎ የማሩ ክዳን ብቻ በስሱ ተገፍፎ፣ ማሩ በመጭመቂያው ተሽከርክሮ ከወጣ በኋላ እንጀራው እንዳለ ለንቦቹ ይመለሳል። ንቦቹም ቤት መሥራቱን ትተው ማር ወደ መሥራት ይገባሉ።

ታዲያ ይህ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚያች የመግፈፊያ ቢላዋ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ቀፎው ይታደልና ቢላዋውም መጭመቂያውም ይቀራል። ገበሬው ምን ያድርግ? የወጥ ቤቱን ቢላዋ አምጥቶ እንጀራውን ከፍሬሙ ላይ ቆርጦ ይጥለዋል። በዚህ ጊዜ ውድ ዋጋ የወጣበት ዘመናዊ ቀፎ ተመልሶ ባህላዊ ሆነ ማለት ነው። ከዚያም «ዘመናዊ ቀፎ አይረባም» ይባላል።

የመግፈፊያ ቢላዋ ምላጩ ቀጭንና ቀጥ ያለ፣ በፍሬሙ ሁለት ጠርዞች ላይ እንዲያርፍ ርዝመቱ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። በፈላ ውኃ ነክሮ ማሞቅ፣ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ አድርቆ መግፈፍ ነው። ሳይደርቅ ማር ውስጥ የገባ ቢላዋ ውኃ ይጨምርበታል፤ ውኃው የበዛ ማር ደግሞ ይቦካል። በዓለም አቀፍ ደረጃ የማር የውኃ መጠን ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይፈለጋል። ስለሆነም ከፍሬሙ ሦስት አራተኛው ክዳን ሳይለብስ አይቆረጥ። ሽንኩርት የከተፈ ቢላዋም ለማር አይሁን፤ ማር ሽታ ይይዛል። ማር ኮምጣጣነት ስላለው ዝገት የያዘ ብረትም አይስማማውም፤ የማይዝግ ብረት ከተገኘ እሱ ይመረጣል፤ ካልተገኘም ታጥቦና ደርቆ የሚቀመጥ ንጹሕ ብረት ይሠራል።

የተከበራችሁ አባላት፣

ይህን ቢላዋ ማን ይሥራልን? ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ አይገባንም። በየቀበሌያችን በወናፍና በመዶሻ የመኪና ባሌስትራ አቅልጦ ሳይሆን አግሎና ቀጥቅጦ ማረሻ፣ ማጭድና ካራ የሚያወጣ ባለ እጅ አለ። የምንፈልገውን ቅርጽና ልክ በናሙና ብናሳየው ይሠራዋል። ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር። የሠራውን ማጭድ ወስደን ጤፋችንን እያጨድን፣ እሱን ግን «ቡዳ ነው» ብለን ከማዕዳችን የምናርቅ ዛሬም አለን። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓ.ም. ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መድፍ ያሠሩት የብረት ሥራን ክብር ስላወቁ ነው። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት እኛ በአንድ ወንበር ላይ ከባለ እጁ ጋር ካልተቀመጥን፣ የኅብረት ሥራ የሚለው ስማችን ጎዶሎ ነው።

በመሆኑም የሚከተለውን ሐሳብ ለጉባኤው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በየመሠረታዊ ማኅበሩ የሚገኙ ባለ እጆች እንደማንኛውም ሰው በአባልነት እንዲገቡ በራችን ይከፈት፤ ዩኒየኑም የማር ቢላዋ በውል ያሠራቸው።

ሁለተኛ፣ ናሙናው ለአባላት ከመሠራጨቱ በፊት በጢስ ዓባይ መንገድ ላይ ባለው በአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ይታይልን።

ሦስተኛ፣ ከእንግዲህ ቀፎ ሲሰጥ ቢላዋ አብሮ ይሰጥ፤ መጭመቂያው ዋጋው ስለሚከብድ ለአንድ ማኅበር አንድ ሆኖ በተራ ይዙር።

አራተኛ፣ ለሥራ ኃላፊዎች የማሳስበው ነው። የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር መጠበቂያነት ተመዝግቧል። ብሳናውና ዋንዛው፣ ግራዋውና አደይ አበባው ካልኖረ ቢላዋው የሚቆርጠው አይኖረውም። ተክል አብቦ ሳለ ፀረ ተባይ እንዳይረጭ፣ መርጨት ግድ ከሆነም ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ እንዲሆንና ንብ አናቢው አስቀድሞ እንዲያውቅ ትእዛዙ እስከ ቀበሌ ይውረድልን።

ዛሬ ማታ ወደየቤታችን ስንገባ ለቀፏችን የመደብነውን ቢላዋ አውጥተን እንየው። የተሳለ ነው? ንጹሕ ነው? ለማር ብቻ ነው? መልሱ «አይደለም» ከሆነ የሚቀጥለው የማር ወቅት ሳይደርስ ወደ ባለ እጁ ቤት እንሂድ፤ ስንሄድም «እንደምን ዋልህ ወንድሜ» ብለን ከቤቱ ገብተን እንቀመጥ።

ዩኒየናችን ለብዙ ዓመታት ያገልግለን!