ትኬቱን ልክፈል ወይስ ዳኛ ፊት ልቅረብ?

በሬዲዮ ከተላለፈ ትምህርት ተዘጋጅቶ የቀረበ

የዛሬው ርዕሳችን የትራፊክ ትኬት ነው። “ይሄም ይሰበካል እንዴ?” የሚል ካለ፣ አዎ ይሰበካል። እዚህ ቨርጂኒያ ካሉት ወገኖቻችን መካከል ታክሲ፣ ኡበር ወይም ትራክ እየነዳ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ስንቱ ነው! ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ የሚውል ሰው መሪ እንደ ጨበጠም እምነቱ ይፈተናል።

አንድ ወንድም ደውሎ እንዲህ አለኝ። “ፓስተር፣ 55 በሚለው መንገድ ላይ 72 ትነዳ ነበር ብሎ ፖሊስ ትኬት ሰጠኝ። ጓደኞቼ ‘ጥፋተኛ አይደለሁም በልና ቅረብ፤ ፖሊሱ ከቀረ ይሰረዝልሃል’ ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ ‘አማኝ ሆነህ ፍርድ ቤት ምን ትሠራለህ? ከፍለህ ተገላገል’ ትለኛለች። ምን ላድርግ?”

ሁለቱም ምክር በፍቅር የተሰጠ ነው። ነገር ግን “ለመሆኑ ስንት ነበር የምትነዳው?” ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። እኔ ጠየቅሁት። ትንሽ ዝም አለና “እውነቱን ለመናገር አላየሁም” አለኝ።

ከእህታችን ምክር እንጀምር። ብዙዎቻችን ፍርድ ቤት መቆምን እንደ ውርደት እናየዋለን። 1ኛ ቆሮንቶስ 6ን የሚጠቅሱም አሉ። እዚያ ላይ ግን ሐዋርያው የሚገሥጸው ወንድም ወንድሙን በማያምኑ ፊት ስለ መክሰሱ ነው። አንተ ማንንም አልከሰስክም፤ የተጠራኸው አንተ ነህ። ያ ወረቀት ራሱ መጥሪያ ነው።

ጳውሎስን ተመልከቱት። በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ተገርፎ ከታሰረ በኋላ ሹማምንቱ በጓሮ በር ሊሸኙት ሲሉ እንቢ አለ፤ ራሳቸው መጥተው ያስወጡን አለ (ሐዋ. 16)። በኢየሩሳሌም ሊገርፉት ሲያስሩት፣ ሮማዊን ሳይፈረድበት መግረፍ በሕግ ይፈቀድ እንደ ሆነ የመቶ አለቃውን ጠየቀው (ሐዋ. 22)። በቂሣርያ ደግሞ በፊስጦስ ፊት ቆሞ ይግባኙን ወደ ቄሣር አደረገ (ሐዋ. 25)። መብቱን በመጠየቁ መንፈሳዊነቱ አልቀነሰም። አባቶቻችንም “በሕግ አምላክ!” ሲባሉ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ሰዎች ነበሩ፤ ሕግ ፊት መቆም ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ደግሞ “ከፍለህ ተገላገል” የሚለውን በደንብ እንየው። በቨርጂኒያ ፖሊሱ ፊት ትኬቱ ላይ ስትፈርም ጥፋትህን ማመንህ አይደለም፤ በቀጠሮው እቀርባለሁ ማለትህ ነው። ቀጠሮው ሳይደርስ ገንዘቡን ስትከፍል ግን “ጥፋተኛ ነኝ” እንዳልክ ይቆጠራል፤ የመሰማት መብትህንም ትተሃል። ከተፈቀደው ከ10 እስከ 19 ማይል ላለፈ ሰው 4 የቅጣት ነጥብ መንጃ ፈቃዱ ላይ ይያዛል፣ ለ2 ዓመትም ይቆያል። ኢንሹራንስ ሊጨምር ይችላል፤ በመንዳት የሚኖር ሰው ሥራውም ያሰጋዋል።

አንዳንዱ ደግሞ “ጌታስ እንቅፋት እንዳይሆን ብሎ ግብሩን ከፍሎ የለም ወይ?” ይላል (ማቴ. 17)። ከፍሏል። ያ ግን ግብር ነበር፤ መክፈሉ በድያለሁ ብሎ መፈረም አልነበረም። ያላደረግከውን አደረግሁ ብለህ ሰላም አትግዛ።

አሁን ወደ ጓደኞቹ። “ጥፋተኛ አይደለሁም” ማለት ውሸት ነው ወይ? በሕግ ቋንቋ “ከሳሽ ያስረዳ” ማለት ነው፤ ማስረዳት ያለበት የከሰሰው ወገን ነው። ስለዚህ እንደዚህ ወንድም ፍጥነቱን በእርግጥ የማያውቅ ሰው እንዲህ ቢል ሐሰት ተናገረ አልለውም። አደጋው ቀጥሎ ነው። ምለህ ለመመስከር ከቆምክ፣ ስንት እንደምትነዳ ሳታይ “55 ነበር የምነዳው” ካልክ፣ በባልንጀራህ ላይ በሐሰት መስክረሃል፤ ፖሊሱም ባልንጀራህ ነው። “አላየሁም” ብሎ መመለስ ይቻላል። በራስህ ጉዳይ እንድትመሰክርም የሚያስገድድህ የለም።

72 መንዳቱን የሚያውቅስ? የጳውሎስን ንግግር የመጀመሪያውን ክፍል አንርሳ፤ በድዬ ከሆነ ቅጣቱን አልሸሽም ነው ያለው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የእኔ ምክር ይሄ ነው፦ ቅረብ፣ ጥፋትህን እመን፣ ከዚያ ያለህን ተናገር። መዝገብህ ንጹሕ ከሆነ አሳይ፤ የመንዳት ትምህርት ወስጄ ይቅለልልኝ ብለህ ጠይቅ። ዳኛው ይቀንስልሃል ብዬ ቃል አልገባም። መክፈል ከመረጥክም ቁጭ ብለህ አስላ፤ አንድ ቀን ከሥራ መቅረት ራሱ ገንዘብ ነው፣ ኪሳራን መቁጠር ኃጢአት አይደለም።

ፖሊሱ ይቀር ይሆናል የሚለውስ? “ፖሊሱ እንዳይመጣ ጸልዩልኝ” የሚሉ ቅዱሳን አሉ። ወገኖቼ፣ ምን ብለን ነው የምንጸልየው? ልጁ ይታመምበት? መኪናው ይበላሽበት? ቀርቶ ዳኛው ቢሰርዘው የፍርድ ቤቱ አሠራር ነው፤ ተቀበልና ሂድ። ሰው እንዲደናቀፍ ግን ከእኛ ጋር “አሜን” የሚል አትፈልግ።

ከተፈቀደው 20 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍ ሌላ ጉዳይ ነው። በቨርጂኒያ በግዴለሽነት መንዳት ተብሎ እንደ ወንጀል ይታያል፤ ከፍለህ የምትገላገለው አይደለም፤ ጠበቃ አማክር። የዲሲ የካሜራ ትኬትም የራሱ መንገድ አለው፣ የሚታየው ፍርድ ቤት ሳይሆን ዲኤምቪ ነው።

የደወልክልኝ ወንድም፣ ከባለቤትህ ጋር ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ፤ እሷ የፈራችው ስምህን ነው። ለመቅረብ ከወሰንክ አስቀድመህ ለፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ቢሮ የአማርኛ አስተርጓሚ እንደምትፈልግ ንገር፤ ክፍያ አትጠየቅም። እንግሊዝኛ እችላለሁ ብለህ ያልገባህን ጥያቄ “የስ” አትበል። ወረቀትህን ይዘህ በጊዜ ድረስ። ውሳኔው ትክክል አይደለም ብለህ ካመንክ በ10 ቀን ውስጥ ወደ ሰርኪዩት ኮርት ይግባኝ ማለት ትችላለህ። የዚያን ቀን ጠዋት እንጸልይልሃለን፤ ለፖሊሱም በሰላም ደርሶ በሰላም እንዲመለስ።