ከዳካ እስከ ወንጪ፤ የአየር አረፋው መሣሪያና የባለሙያዎች መገናኘት



ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚያሻግረው መንገድ የምትገኘው ወንጪ በሐይቋ፣ በፍል ውኃዋና በደሴቷ ላይ ባለው የቂርቆስ ገዳም የታወቀች ናት። ለሐኪምና ለሕክምና መሣሪያ ባለሙያ ግን ከውበቷ ይልቅ ከፍታዋ ሊያሳስብ ይገባል። የእሳተ ገሞራው አፋፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ከሚገኘው 70 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። እንግዲህ በሳንባ ምች የተያዘ ሕፃን ከዚህ ተነሥቶ በሰው ጀርባ ወይም በፈረስ ወደ ሕክምና ሲወሰድ፣ የሚጠብቀው መሣሪያ ለየትኛው አገር አየር ተብሎ እንደተለካ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

መሣሪያው ቀላል ነው። ኦክስጅን በአፍንጫ ቱቦ ለሕፃኑ ይሰጣል፤ የሚወጣው ትንፋሽ የሚያልፍበት ቱቦ ጫፍ ደግሞ በጠርሙስ ውኃ ውስጥ ይጠልቃል። ቱቦው 5 ሳንቲ ሜትር ከጠለቀ፣ ያንኑ ያህል የውኃ ግፊት ሳንባው እንዳይጨማደድ ይደግፈዋል። ባንግላዴሻዊው ሐኪም ሞሐመድ ጆባየር ቺስቲ እ.ኤ.አ. በ1996 በሲልሄት ሆስፒታል በአንዲት ሌሊት ሦስት ሕፃናት በሳንባ ምች ሲሞቱ አይቷል። ኋላም በሜልበርን ያየውን ውድ መሣሪያ በዳካ በሻምፑ ጠርሙስ ተካው። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ጥናት በአረፋው ዘዴ ከታከሙት 79 ሕፃናት 3 ሲሞቱ፣ በዝቅተኛ ፍሰት ኦክስጅን ከታከሙት 67 ደግሞ 10 ሞተዋል።

ይህን ያነበበ ሁሉ ጠርሙሱንና ቱቦውን ገዝቶ ሥራውን ለመጀመር ቢቸኩል አይፈረድበትም። ነገር ግን የማላዊ ታሪክ አለ። እዚያ በአንድ የወረዳ ሆስፒታል፣ ሐኪም በየቀኑ ሳይከታተል በተደረገ ጥናት፣ የአረፋው ዘዴ ከደረሳቸው 321 ሕፃናት 53 ሲሞቱ፣ ተራ ኦክስጅን ከተሰጣቸው 323 የሞቱት 35 ነበሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ። ሕፃናቱ እጅግ የተጎዱ እንደነበሩ አይዘነጋም፤ ቢሆንም የዘዴው መሠረት አንድ ሆኖ ሳለ በአንዱ አገር ያዳነው በሌላው አላዳነም።

በኢትዮጵያ የተያዘው መንገድ ከዚህ የተለየ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ከዳካው የተቅማጥ በሽታዎች ምርምር ማዕከል ጋር በመተባበር፣ መጀመሪያ ዘዴው በአገራችን ሆስፒታሎች ሊሠራበት ይቻል እንደሆነ መረመረ። ከዚያም በ12 ሆስፒታሎች ሰፊ ጥናት ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ውጤት፣ ሠራተኞቹ ሠልጥነው ሐኪሞች በሚከታተሉበት ሁኔታ የሕክምናው አለመሳካትም ሆነ ሞት መቀነሱን አሳይቷል።

የባለሙያዎች በአካል መገናኘት ዋጋው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ዳካ ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ ያላለች ከተማ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ቢሆን የሕፃን ደም የኦክስጅን መጠን ከ90 በመቶ በታች ሲሆን ኦክስጅን እንዲሰጥ ሲያዝ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ለሚኖሩት ግን ወሰኑን ወደ 87 ዝቅ ያደርገዋል። ከአየር ኦክስጅን እያጣራ የሚሰጠው ኮንሰንትሬተርም በከፍታ ላይ ይደክማል፤ የሚሠራበት የከፍታ ወሰን በመግለጫው ቢጻፍም ገዢው አይቶት እንደሆነ ያጠራጥራል። ከቆላ የመጣ መሐንዲስ ይህን ሁሉ በደብዳቤ ሊያነበው ይችላል። ወንጪ አፋፍ ላይ ቆሞ የገዛ ጣቱን በመለኪያው ቢያስገባ ግን ቁጥሩ ሲወርድ በዓይኑ ያያል።

ወንጪ ዛሬ እንግዳ የሚያርፍበት ቤት አላት። ስለዚህ የሚቀጥለው የሥራ ባልደረቦች ስብሰባ በአዲስ አበባ አዳራሽ ብቻ ተጀምሮ ቢያልቅ ያሳዝናል። አንዱ ቀን ለአፋፉ፣ አንዲት ሌሊት ደግሞ ከታች በአምቦ ለሚገኝ የሕፃናት ክፍል ቢሰጥ ይበጃል። ሌሊት አረፋው ድንገት ሲቆም ቱቦው ከአፍንጫ ወጥቶ ይሁን ወይም የኦክስጅኑ ፍሰት አንሶ፣ ተረኛዋ ነርስ ብቻዋን መለየት አለባት። መሣሪያውን የነደፈው ሰው ያን ጊዜ አጠገቧ ቆሞ እጇን ቢያይ፣ ቱቦውን የሚይዘውን ማሰሪያ ሳይለውጥ ወደ አገሩ አይመለስም።